መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ትጋት

አሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት፣ ልጅ ስልኩ ላይ አፍጥጦ በተገኘ ቁጥር «አገር ቤት ያሉ እኩዮችህ በኩራዝ እያጠኑ አንደኛ ይወጣሉ» የሚል ተግሣጽ ይሰማል። በዚህ ዓመት ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ የወጡትን አጎቴን፣ የሐዋሳውን የሒሳብ መምህር፣ ሳዳምጥ ግን ይህ አነጋገር እዚያም እዚህም ያሉትን ልጆች እንደሚበድል ይበልጥ ታየኝ።

አጎቴ በዕድሜያቸው ካሉ ሰዎች በተለየ «በእኛ ጊዜ» ማለት አይወዱም። ካስተማሯቸው ሁሉ አብልጠው የሚያደንቁት የመጨረሻዎቹን ተማሪዎቻቸውን ነው። አንደኛው ጎህ ሳይቀድ በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ወርዶ ዓሣ አጽድቶ ለነጋዴ ያስረክባል፤ አጎቴ ደብተሩን ሲያርሙ በሁለት ገጾች መካከል የደረቀ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ አግኝተዋል። የቤት ሥራው ግን እያንዳንዱ መልስ ከነስሌቱ በንጹሕ ጽሕፈት ተሠርቶ ነበር። ሌላዋ ከእናቷ ጋር መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። የትምህርት ፈረቃዋ ከሰዓት በሚሆንበት ሳምንት ከማንም ቀድማ ትገኛለች፤ ጠዋት በሚሆንበት ሳምንት ግን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። አጎቴ የክፍሉ ኃላፊ ስለነበሩ፣ እንዲህ ያሉትን ልጆች የሥራ ሰዓት ከስማቸው ጎን በእርሳስ የሚጽፉበት የግል ማስታወሻ ነበራቸው።

እኔ በምኖርበት ሜሪላንድም ታዳጊዎች ይሠራሉ፤ ስልክ ላይ ብቻ የሚውሉ አድርጎ መሣሉ ሐሰት ነው። ልዩነቱ ሥራቸው በወረቀት መታወቁ ላይ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከመቀጠሩ በፊት የሥራ ፈቃድ ያወጣል፤ የፌዴራሉም ሕግ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ትምህርት ባለበት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንትም ከ18 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ይከለክላል። የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመጨረስ ደግሞ ተማሪው የ75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለበት። ሥራውም አገልግሎቱም ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ይቆጠርለታል። (አንዳንድ ወላጆቻችን ለማመልከቻው ሲሉ ብቻ ልጃቸውን ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት ሲያሯሯጡ ማየት ፈገግ ያሰኛል።)

አገር ቤትም ሕግ የለም ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይደነግጋል። ነገር ግን ከእናቷ ጋር ሻይ የምትሸጥ ልጅ ቀጣሪም ውልም ስለሌላት አዋጁ አያገኛትም። ትጋቷ የሚለካው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ብቻ ነው፤ በዚህ ፈተና ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። አጎቴ ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠቱን አጥብቀው ይደግፋሉ፤ መልስ እንደ ሸቀጥ በሚዘዋወርበት ጊዜ ከሁሉ የተጎዱት፣ ያወቁትን ብቻ የሚጽፉ ልጆች ነበሩ ይላሉ። የሚያንገበግባቸው፣ ለጥቂት ነጥብ ያላለፈው ልጅ ውጤቱን ያመጣው ከየትኛው የቀን ክፍል በተረፈ ጉልበት እንደሆነ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

እኛ የውጭዎቹ ለመርዳት ስናስብ ቶሎ የሚታየን ኮምፒዩተር መላክ ነው። ደግ ሐሳብ ነው፤ ይሁንና ኮምፒዩተሮቹ ያሉበት ክፍል ከትምህርት ሰዓት ውጪ በሚከፈትበት ጊዜ አጎቴ የሚያደንቋቸው ልጆች ሥራ ላይ ናቸው። ምን ይሻላል ብዬ ስጠይቃቸው «መጀመሪያ ሰዓታቸውን እወቁላቸው» አሉኝ። ሐሳባቸው በምዝገባ ቅጹ ላይ ተማሪው ይሠራ እንደሆነና በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ የሚጠይቅ አንድ መስመር እንዲጨመር፣ የሚሠሩትም ተማሪዎች ፈረቃቸው በየሳምንቱ ከመቀያየር ተርፎ ዓመቱን በሙሉ ለሥራቸው በሚስማማው እንዲጸና ነው። ጡረታ ሲወጡ መጻሕፍቱንና የማርክ መዝገቡን በፊርማ አስረክበዋል፤ ማስታወሻቸውን ግን ተረከቡ ተብሎ የታዘዘ ሰው ስላልነበረ፣ የሚቀጥለው ዓመት ፈረቃ ከመደልደሉ በፊት እንድታየው ለተተኪያቸው መምህርት ራሳቸው ወስደው ሰጥተዋታል።