ጃርዲያው ሄዷል፣ ሆዱ ግን አልዳነም

«ኖ ኦፒ ሲን» የሚል የሰገራ ምርመራ ውጤት ይዞ፣ ግን ደግሞ ሜትሮ የሚባለው የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት ታዞለት ከክሊኒክ የወጣ ሰው በዙሪያችሁ አይጠፋም። ምናልባትም እናንተው ናችሁ። ወረቀቱ ጥገኛ ተሕዋስ አልታየም ይላል። ሐኪሙ ደግሞ «ለማንኛውም ይሄን ውሰድ» ይላል። ሳምንት ሙሉ አፋችሁ ብረት ብረት እያላችሁ ትውጣላችሁ። ትንሽ ሻል ይላችኋል፣ ወይም ሻል ያላችሁ ይመስላችኋል። ከወር በኋላ ያው ቁርጠት፣ ያው መነፋት፣ ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ሦስቴ መጸዳጃ ቤት መመላለስ። ተመልሳችሁ ስትሄዱ በዚህኛው ዙር ቲኒዳዞል ነው። ቀጥሎ ሲፕሮ። መሀል ላይ «ጨጓራ ነው» የሚል ይመጣል፣ «ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም» የሚልም አይጠፋም (የታይፎይድ ምርመራችን ጉድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል)።

እኔ የምለው ይሄን ነው። ጃርዲያውም አሜባውም ከሄደ በኋላ አንጀት ታሞ ሊቀር ይችላል። ስም ያለው፣ በደንብ የተጠና በሽታ ነው። ከኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣ አይቢኤስ ይባላል፤ ቁርጠት፣ መነፋትና የሰገራ መዛባት የሚመላለስበት የአንጀት ሕመም ነው። ብዙ ክሊኒኮቻችን ይህን ለታካሚው ቁጭ አድርገው ከመንገር ይልቅ የሌለ ተሕዋስ ማሳደድ ይቀላቸዋል። መቆም አለበት ባይ ነኝ።

የሚገርመው፣ ነገሩን በደንብ ያሳየችን ጃርዲያ ብርቅ የሆነባት ኖርዌይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 በርገን ከተማ ውስጥ ስቫርተዲኬት ከሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ሐይቅ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ በጃርዲያ ተበከለ። ውሃው ክሎሪን ይደረግበት ነበር። ጃርዲያ ግን ከሰው ሰው የሚጓዘው በቅርፊት ተሸፍኖ ስለሆነ የተለመደው የክሎሪን መጠን እምብዛም አይበግረውም። በላብራቶሪ የተረጋገጠላቸው ብቻ ከ1,200 በላይ ሆኑ፤ የታመመው ሕዝብ ግን በሺዎች ይገመታል። ታከሙ። እዚህ ድረስ የእኛም ታሪክ ነው።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ ሰዎቹን ለዓመታት ተከታተሏቸው። በሦስተኛው ዓመት ጃርዲያ ይዟቸው ከነበሩት 46 በመቶ ያህሉ አይቢኤስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት የከተማው ነዋሪዎች ግን 14 በመቶው ብቻ። በስድስተኛው ዓመት 39 በመቶ። በአሥረኛው ዓመት 43። የማይለቅ ድካምም አብሮ ነበረ፤ በሦስተኛው ዓመት ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ሰው ድካም ነበረበት። ይህ ሁሉ በአንድ ወቅት ውሃ ምክንያት ነው።

በርገን ላይ ይህን መቁጠር የተቻለው ሰዉ ሆዱ የታመመበትን ወር ስለሚያውቅ ነው። በፊትና በኋላ አለው። እኛ ጋ «በፊት» የሚባል ነገር የለም። ልጅ ሆኖ አሜባ፣ ተማሪ ሆኖ ጃርዲያ፣ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሲመለስ ተቅማጥ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ስለዚህ አንጀቱ መቼ እንደተበላሸ የሚያውቅ የለም፣ ሐኪሙም ሁሌ አዲስ ኢንፌክሽን አድርጎ ነው የሚያየው። አንድ ወዳጄ ሚኒባስ ውስጥ በር አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም፤ ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ባለው መንገድ የትኛው ካፌ መጸዳጃ ቤቱን እንደማይቆልፍ በቃሉ ያውቃል። እሱን ብትጠይቁት «የቆየ ጃርዲያ አለብኝ» ነው የሚላችሁ። የቆየው ግን ጃርዲያው አይመስለኝም።

ታዲያ ተሕዋሱ ከሌለ ምን ያማል? እባብ ያየ በልጥ በረየ። አንጀትም እንደዚያው ነው። የቤልጅየሙ ሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡትን ሥራ እዩት። አይጦችን የአንጀት ባክቴሪያ አስያዟቸው፣ በዚያው ጊዜ የእንቁላል ፕሮቲን አበሏቸው። ኢንፌክሽኑ ጠፋ። ቆይተው ያንኑ ፕሮቲን ሲሰጧቸው አንጀታቸው ታመመ። ኢንፌክሽን ሳይኖርባቸው ፕሮቲኑን የበሉት ግን ምንም አልሆኑም። አንጀቱ በሕመሙ ሰሞን የገባለትን ምግብ ከጠላት ጋር ደምሮ መዝግቦታል ማለት ነው። ማስት ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች እዚያው አንጀት ግድግዳ ላይ ሂስታሚን ይለቃሉ፣ ሂስታሚኑ ነርቮቹን ያስቆጣል። ደም ቢመረመር አለርጂው አይታይም፣ ነገሩ ያለው አንጀት ላይ ብቻ ነው። ሰው ላይም ሞክረውታል። የስንዴ፣ የአኩሪ አተርና የወተት ፕሮቲን ፊንጢጣ አካባቢ ባለው የአንጀት ሽፋን ላይ በመርፌ ሲሰጡ 12ቱም የአይቢኤስ ታካሚዎች ቢያንስ ለአንዱ ምላሽ ሰጡ፤ ከስምንቱ ጤነኞች ሁለቱ ብቻ።

እዚህ ላይ «ጭንቀት ነው» ለሚሉት አንድ ነገር ልበል። ጭንቀት አይቢኤስን እንደሚያባብስ፣ ተጨናንቆ የነበረ ሰው ላይም ከኢንፌክሽን በኋላ የመምጣት ዕድሉ ከፍ እንደሚል የታወቀ ነው። ግን ጃርዲያ ከያዘው የበርገን ሰው ግማሽ ያህሉ በአንድ ጊዜ ነገር አብሰልሳይ አልሆነም። አንጀት ውስጥ የሚታይ፣ የሚለካ ነገር እያለ ሰውን «አታስብ፣ ትድናለህ» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም።

ሌላው አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጉዳይ ነው። በትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ናቸው። ከባድ ተቅማጥ ብዙዎቹን ጠርጎ ያወጣል፣ ከተረፉት ደግሞ ፀረ ተሕዋሱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 45 ጥናቶችን የደመረ ትንተና ከአንጀት ኢንፌክሽን በኋላ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ አይቢኤስ እንደሚይዘው አስልቷል። እንደ ጃርዲያ ባሉት ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን ከአሥር ሰው ወደ አራት ይጠጋል። በሕመሙ ጊዜ ፀረ ተሕዋስ መውሰድ ዕድሉን ከሚጨምሩት ነገሮች ውስጥ አብሮ ተዘርዝሯል። በርግጥ ፀረ ተሕዋስ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለጠናበት ሰው ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ መድኃኒቱ ላይ መጫን አይቻልም። ግን ምንም ያልታየበትን ሰው በየሦስት ወሩ ሜትሮ ማስዋጥ ምን ትርፍ አለው?

ጃርዲያ አይታከም እያልኩ አይደለም። ከታየ ይታከማል። አንድ «አልታየም» የሚል ውጤትም የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ጃርዲያ በየቀኑ ከሰገራ ጋር ስለማይወጣ በተለያየ ቀን እስከ ሦስት ናሙና ማየት ያስፈልጋል። ይህን ጠይቁ። ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ የደም ማነስ ካለ ወይም ችግሩ የጀመረው ከ50 ዓመት በኋላ ከሆነ ደግሞ አይቢኤስ ነው ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

ምግቡስ? አውስትራሊያ ያለው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ዝቅተኛ ፎድማፕ የሚባል አመጋገብ አለ። ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸውን፣ ትልቁ አንጀት ደርሰው ባክቴሪያዎቹ ጋዝ የሚያደርጓቸውን ስኳሮች ለጥቂት ሳምንታት መቀነስ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያስቸግር መለየት ነው። ዝርዝሩ ላይ ከፊት የሚሰለፉት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ስንዴ ናቸው። የጾም ገበታችንን አስቡት! በቀይ ሽንኩርት የተቁላላ ሽሮ በልቶ ሆዱ እንደ ከበሮ የሚወጠር ሰው ምክንያት አለው። ይባስ ብሎ ሆድ ሲታመም ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ነጭ ሽንኩርት በማር ነው። ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ ናቸው። እናቶቻችን ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ተልባን ያስተማሩንም እነሱ ናቸው፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ሳይቀር ለሚነፋቸው የአይቢኤስ ታካሚዎች በቀን እስከ አንድ ማንኪያ ተልባ ይመክራል።

ይድናል ወይ ለሚል፣ ብዙ ሰው ላይ እየቀለለ ይሄዳል። ካናዳ ውስጥ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 የመጠጥ ውሃው በኢ ኮላይና በካምፒሎባክተር ተበክሎ ከ2,300 በላይ ሰው ታመመ፣ ሰባት ሰው ሞተ። በሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት 28 በመቶ የነበረው አይቢኤስ በስምንተኛው ዓመት ወደ 15 ወርዷል። ጃርዲያ በርገን ላይ ጥሎት የሄደው ግን የበለጠ ግትር ነው።

መድኃኒትም አለ፣ ያውም ርካሽ። እንግሊዝ ውስጥ 463 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሙከራ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ ከ10 ሚሊግራም ተጀምሮ እስከ 30፣ ከማስመሰያ ኪኒን የተሻለ እንደሚረዳ አሳይቷል። የቆየ መድኃኒት ነው። ሐኪም ይዘዘው እንጂ በራስ ተነሳሽነት የሚገዛ አይደለም፤ በተለይ ሆድ ድርቀት ያለበትን ሊያባብስበት ይችላል። ሲታዘዝም ማስረዳት ይጠይቃል። በዋናነት የሚታወቀው ለድባቴ ነውና፣ ሁለት ደቂቃ ወስዶ «በዚህ መጠን የምሰጥህ ለአንጀትህ ነርቮች ነው» የሚል ሐኪም ካላገኘ ሰውየው ቤቱ ገብቶ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያነብና «እብድ ነህ ማለቱ ነው» ብሎ ይወረውረዋል። በማግስቱም ከሰፈሩ ፋርማሲ ሜትሮ ይገዛል።