አዲስ ፊዚዮቴራፒስት ይዙር ወይስ ይርጋ?

በሕዝብ ሆስፒታል የተቀጠረ አዲስ ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) መጀመሪያ በየክፍሉ መዞር አለበት? ወይስ አንድ ክፍል ይርጋ? በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የተለመደው ይህ ነው። ተመራቂው ጥቂት ወር አጥንት ሕክምና፣ ጥቂት ወር ነርቭ፣ ጥቂት ወር ደረትና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይሠራል። ሮቴሽን ይባላል። ሁለት ባለሙያዎች ተከራከሩበት። "ይዙር" የሚሉት ክፍል ሲመሩ የኖሩ አንጋፋ ናቸው። "ይርጋ" የምትለው ሮቴሽኑን ከጨረሰች ብዙ አልቆየችም።

ይዙር፦ ከአንድ ታካሚ ልጀምር። ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ተመላላሽ ክፍል መጣ። ትከሻ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢያገኘው እንቅስቃሴ አሳይቶ ይሸኘው ነበር። ያየችው ልጅ ግን ከደረት ክፍል ገና መምጣቷ ነው። ሳሉን ሰማች። ክብደት ቀንሰህ እንደሆነ ብላ ጠየቀች። ትከሻውን ስታንቀሳቅሰው ሕመሙ እንደማይብስ ልብ አለች። ወዲያው ወደ ሐኪም መለሰችው። ችግሩ ሳንባው ጫፍ ላይ ነበር። እዚያ የበቀለ ዕጢ ነርቮችን ሲነካ በትከሻ ሕመም ሊጀምር እንደሚችል ሁላችንም ተምረናል። ጆሮ ሳልን የሚለየው ግን ዋርድ ውስጥ ውሎ ነው።

ሰው ደግሞ በክፍል ተከፋፍሎ አይታመምም። ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ከዚያ በፊት ስትሮክ መቷቸው ሊሆን ይችላል። የአጥንት ክፍሉ ልጅ በስትሮኩ የላላውን ትከሻቸውን ሳያስብ ክንዳቸውን ጎትቶ ቢያስነሳቸው፣ ሊረዳ መጥቶ ጎዳቸው ማለት ነው።

ይርጋ፦ የሳንባው ታሪክ ጥሩ ነው። እርስዎ የተሳካውን ነገሩን፤ እኔ ያልተሳካውን ልንገርዎት። ነርቭ ክፍል አራት ወር ሠርቻለሁ። ስትሮክ የመታቸው አንድ አባት ነበሩ። አልጋ ጫፍ ላይ ያለ ድጋፍ እስኪቀመጡ አምስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ወደ የትኛው ጎን ሲያዘነብሉ እንደሚፈሩ አውቅ ነበር። ምን ስላቸው እንደሚበረቱም አውቅ ነበር። ልናቆማቸው ስንል ተራዬ አለቀና ወደ ደረት ክፍል ተላክሁ። የተካኝ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ግን የመጀመሪያ ሳምንቱ ነበር። እሳቸውም አላመኑትም። እንደገና ከመቀመጥ ጀመሩ። እኔ ጥያቸው የሄድኩበት ቦታ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከስትሮክ በኋላ ብዙው ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። እሳቸው ሦስቱን ሳምንት ከየት ያመጣሉ?

ደግሞ እኮ ዞረን ነው የመጣነው። እንግሊዝ ውስጥ ተማሪ ከመመረቁ በፊት 1000 ሰዓት ያህል የተግባር ልምምድ ይሠራል። አሜሪካ በአንድ ዘርፍ የስፔሻሊስት ፈተና ለመቀመጥ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ በዚያው ዘርፍ 2000 ሰዓት ታካሚ ማከም ነው። በየአራት ወሩ እየተነቀለ ማን እዚያ ይደርሳል?

ይዙር፦ ተማሪ ከኋላው ሰው አለው። የተማሪ 1000 ሰዓትና ሌሊት ብቻውን ተጠርቶ አክታ ያፈነው ታካሚ ፊት የቆመ ሰው አንድ ሰዓት አይመዘኑም። የግል ክሊኒክ ታካሚውን መምረጥ ይችላል። ጉልበት ብቻ አያለሁ ቢል መብቱ ነው። የሕዝብ ሆስፒታል ተረኛ ግን የመጣውን ሁሉ ያያል።

ይርጋ፦ ተረኝነትን ካነሱ አይቀር እውነቱን እንነጋገር። ሮቴሽን ብዙ ጊዜ ቀዳዳ መድፈኛ ነው። አንዷ ወሊድ ወጣች፣ "አዲሷ ትሂድበት" ይባላል። እኔ ደረት ክፍል ሁለት ጊዜ ተልኬያለሁ፤ ሕፃናት ክፍል አንዴም አልደረስኩም። ቆልማማ እግር በጀሶ እየተቃና ሲሄድ ያየሁት በቪዲዮ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ምን ተማርሽ ብሎ የጠየቀኝም የለም።

ከዚያስ? ጎበዝ ባለሙያ ደረጃው የሚያድገው ቢሮ ሲገባ ነው። የተረኛ ሰሌዳ ያወጣል፣ ክራንች ይቆጥራል፣ ስብሰባ ይቀመጣል። እጁ ከታካሚ ይለቃል። እንግሊዞች ከታካሚ ሳይርቁ የሚያድጉበት አማካሪ ፊዚዮቴራፒስት የሚባል መደብ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ፊዚዮቴራፒስት ራሱ መድኃኒት እንዲያዝዝ ሕጉ ፈቅዷል። እዚያ ለመድረስ ግን አንድ ቦታ ሥር መስደድ ያስፈልጋል። ጓደኞቼ ወደ ግል የሄዱት ለብር ብቻ አይደለም። መርጠው የሚቆዩበት ክፍል ፈልገው ነው።

ይዙር፦ በዕድገት መሰላሉ አልከራከርሽም። እኔም ቢሮ የገባሁት ለደመወዙ ነው፤ የታካሚ ጉልበት ካጠፍኩ ቆየሁ። አንዳንዴ ይቆጨኛል። ግን መሰላሉን የሰበረው ሮቴሽን አይደለም።

እስቲ ከትልቅ ሆስፒታል ውጪ አስቢው። የዓለም ጤና ድርጅት በተሀድሶ ሕክምና ሊጠቀሙ የሚችሉትን ሰዎች ወደ 2.4 ቢሊዮን ያደርሳቸዋል። ከእነሱ ውስጥ ቢበዛ አንድ ፊዚዮቴራፒስት በሚመደብበት ቦታ የሚኖሩ አሉ። ያ ሰው ጠዋት የተቃጠለ ሕፃን፣ ከሰዓት የወገብ ሕመም ያያል። ወገቡን የሚያመው ሰውዬ "መቀመጫዬ አካባቢ ደንዝዞኛል፣ ሽንትም እምቢ ብሎኛል" ቢለው፣ ይህ የዛሬ ድንገተኛ እንጂ የነገ ቀጠሮ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። በአንድ ክፍል ያደገ ልጅ እዚያ ብልከው ለራሱም ፈተና ነው።

እሺ፣ ልቀንስልሽ። አሥራ ስምንት ወር ይሁን። ሦስት ክፍል፣ ስድስት ስድስት ወር። የመጨረሻውን ራሱ ይምረጥ።

ይርጋ፦ ስድስት ወሩ ይሻላል። የመረጠውን ክፍል ግን ሰው ጎደለ ተብሎ እንዳይነጠቅ በጽሑፍ ይሁን። ደግሞ የሚወጣውና የሚገባው ሁለት ሳምንት አብረው ይሥሩ።

ይዙር፦ ለአንድ መደብ ሁለት ደመወዝ? በጀት ክፍል ይስቅብኛል።

ይርጋ፦ የእኚያን አባት ሦስት ሳምንትም አልጋውን ጨምረው ያስሉት። ከዚያ ይሳቁ።