ይድረስ አንጀቴ ውስጥ ለምትኖረው የኮሶ ትል

ባለህበት

ጉዳዩ፦ ቤት ስለመልቀቅ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከአንተ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልህ ማክሰኞ ዕለት ስላዋረድከኝ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የሰገራ ምርመራ ሰልፍ መቼም ለማንም አይነገርም። ክዳን የሌላት ብልቃጥ፣ በሶፍት መጠቅለል፣ ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት። ሁሉም ጣሪያውን ያያል። ከፊቴ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? የእድራችን ገንዘብ ያዥ እትዬ! ለስኳር ነው የመጡት። "ምን ነካህ ልጄ?" አሉኝ። "ትንሽ ጨጓራ ነው" አልኩ።

አርፈህ ብትቀመጥ ምን ነበረበት? በአሳማ ሥጋ የሚመጣው ዘመድህ ከገላው የሚጥላቸው ቁራጮች እንኳ አደብ አላቸው። ያንተዎቹ ግን ማንም ሳይጠራቸው ይንቀሳቀሳሉ። አንዷ ከብልቃጧ ወጥታ ሶፍቱ ላይ ሽር ሽር ማለት ጀመረች። እትዬ አዩ። "ውይ፣ ኮሶ ነው እኮ!" ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። ስለ ኮሶ አበባ ለሰልፈኛው ገለጻ ጀመሩ፤ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ። ፊቴ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ፣ ገና ሳልጠጣ። ይሄ አልበቃ ብሎ የመስኮቷ ልጅ ስሜን ከነአያቴ ጠርታ "ኮሶ ያለብህ አንተ ነህ?" አለችኝ። አያቴ በዚህ ምን አገባቸው? ማታ ቤቴ ስደርስ ጎረቤት "እግዜር ይማርህ" አለኝ።

ደግሞ የምታኮራ ብትሆን። አፍ የለህም። አንጀትም የለህም። አያቶችህ ነበራቸው አሉ፤ ተፈጭቶ ለሚቀርብለት ምን ያደርጋል ብለው ተዉት። አንተም የእኔን ምሳ በቆዳህ ትመጥጣለህ። ስምንት ሜትር ልትደርስ ትችላለህ፤ የተከራየሁት ክፍል አራት አይሞላም። ወንድም ሴትም ራስህ ስለሆንክ የሠርግ ወጪ እንኳ የለብህም። ብልጠትህ ግን አይካድም። አትገድለኝም። እኔ ከሞትኩ አንተም አለቀልህ።

ሰው ሁሉ በሬውን ይወቅሳል። የዘር ሐረግህን ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ ግን ሌላ ነው የሚለው። የቅርብ ዘመድህ አንበሳ ውስጥ ነው የሚኖረው። እኛን የያዝከን ከብት ከመላመዱ እጅግ ቀድሞ፣ አፍሪካ ውስጥ፣ አያቶቻችን ከአውሬ ጋር አንድ ዓይነት ታዳኝ ሲበሉ ነው። በሬው ከእኛ ነው የተጋባበት።

ዛሬም ከእኛ ነው። በሬው አንተን የሚያገኘው የሰው ሰገራ ከነካው ሣር ወይም ውኃ ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚሠራ ሰው የት ይሂድ? የሕዝብ ሽንት ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው? አይታወቅም። ጓሮ ታርዶ፣ ማኅተም ሳያርፍበት የሚሸጠውን ሥጋ ማን ያየዋል? በየዓመቱ ስብሰባ፣ በየዓመቱ ባነር። አንተን መስደብ ቀላል ነው፤ አንተ ቢሮ የለህም።

ለማንኛውም ክኒኑን ገዝቻለሁ። ስትወጣ ጭንቅላትህንም ይዘህ ውጣ፤ እሱን ትተህ እንደገና እንዳትረዝምብኝ።

ቅዳሜ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ነው። ቁርጥ አለ። ክትፎውን ለብለብ ባስደርገው ለዘመዶችህ ሙቀት አይሆንም፤ ሥጋው ውስጥ ያሉት እንዲሞቱ 60 ዲግሪ ይፈልጋሉ። በደንብ አብስሉልኝ ብል ደግሞ ጋባዡ ይቀየመኛል። ስለዚህ የክፍሉ ቁልፍ ምንጣፉ ሥር ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሥጋ ቤቱ
ለበሬው (ከይቅርታ ጋር)