ሽማግሌዬን ማን ያስታርቅልኝ?

ባለቤቴ ሽማግሌ የላከችብኝ አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። ሽማግሌ የሚመጣበት ሰው ጠዋት ተነስቶ ቤቱን ራሱ ይጠርጋል። ጥፋተኛ መሆኑን ያውቃል። የሚጠብቀው ዝርዝሩን ብቻ ነው።

ሦስት ሆነው መጡ። ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ስለዚህ ስለ ትዳር ክቡርነት ከመናገራቸው በፊት ሶፋው ላይ ተቀምጠው እያለከለኩ ውሃ ጠጡ። መሪያቸው በባለቤቴ ወገን የመጡ የሰፈራቸው ዕድር ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸው 57፣ ጋቢያቸው ነጭ፣ ፊታቸው ገና ሳይናገሩ የሚያስታርቅ ዓይነት። ጋሼ እንበላቸው።

ክሱ ቀረበ። ባለቤቴ ብዙ ቃል አላባከነችም።

«19 ዓመት አብረን ኖርን። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ድምፁ የሚሰማ የመብራት ቆጣሪው ብቻ ነው። እሱ እንኳን ካርዱ ሊያልቅ ሲል ይጮኻል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞር ብለው ቆጣሪውን አዩት። ጋሼ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እግርና እግርም ይጋጫል አሉ። ትዳር መቻቻል ነው አሉ። ወደ እኔ ዞረውም «ቤትህ ቶሎ ግባ፤ አጫውታት» አሉኝ። ወለሉን እያየሁ እሺ አልኩ። ሽምግልና ላይ እሺ የማይባል ነገር የለም። ቡና ተፈላ፣ ተመረቅን፣ አለቀ።

ሲመሽ በመኪናዬ ልሸኛቸው ወጣሁ። ሁለቱን አደረስኩ። ጋሼ ግን በራቸው ላይ ስንደርስ አልወርድ አሉ። ስለ ነዳጅ ሰልፍ አወሩ። ስለ ውሃ ፈረቃ አወሩ። ከዚያ ዝም አሉና የመኪናውን መስታወት ዝቅ አድርገው የገዛ ቤታቸውን መስኮት ያዩ ጀመር። መብራቱ ጠፋ።

«በቃ፣ ቀረቀረችው» አሉ።

«ማን?»

«እትዬህ ናታ! ከሦስት ሰዓት በኋላ አትከፍትም።»

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከአምስት። ኪሳቸውን ዳበሱና ትልቅ ቁልፍ አወጡ። ደስ አለኝ። የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው። የ200 ሰው ወንበርና ብረት ድስት የሚከፍት ቁልፍ ይዘው፣ የራሳቸውን ቤት የሚከፍት የላቸውም።

«አንድ ሁለት ቀን ድንኳኑ ላይ አድሬያለሁ» አሉ። «መጥፎ አይደለም። ትንሽ ለቅሶ ለቅሶ ይሸታል እንጂ።»

የዚያን ቀን ማታ መኪና ውስጥ ቆሎ እየቆረጠምን አምስት ሰዓት ሆነ። እሳቸው ሰው ሲያስታርቁ የራሳቸውን እንደረሱ ነገሩኝ። እኔም የልጄ አልጋ ላይ እንደማድር፣ ከራስጌዬም ከግድግዳው ላይ የአርሰናል ቡድን ሙሉ አሰላለፍ ቆሞ እንደሚታዘበኝ ተናዘዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ጀበና ቡና ቤት በርጩማ ላይ መገናኘት ጀመርን።

ሽማግሌህን መሸምገል ግን ቀላል አይደለም። ዋናው ችግር ሰዋስው ነው። እሳቸው «አንተ ደንቆሮ!» ብለውኝ ይገላገላሉ። እኔ ግን «ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት» ስላቸው ወቀሳ አይመስልም፤ ሽልማት የምሰጣቸው ይመስላል።

ጋሼ ሕግም ያውቃሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ የባልና ሚስት ጠብ የሚዳኘው በቤተ ዘመድ ሽምግልና ዳኞች እንደነበር በናፍቆት ይተርካሉ። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ የመወሰኑን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠው። ፍርድ ቤቱም ባልና ሚስቱን እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሰጥቶ ሊመልሳቸው ይችላል።

«ሦስት ወር ይበቃሃል?» አሉኝ።

«19 ዓመት አልበቃኝም» አልኩ።

ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ግን «የእኔ 31 ነው» አሉ።

የቤት ሥራ መሰጣጠት ጀመርን። የእኔ፣ በቀን አንድ ነገር ለባለቤቴ መናገር ነበር። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና «እራት አለ?» አይቆጠሩም። በመጀመሪያው ቀን ማታ ብዙ አሰብኩና «ዛሬ ቢሮ ፎቶ ኮፒው ተበላሸ» አልኳት።

እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። «አሞሃል እንዴ?»

የጋሼ ደግሞ አንድ እሁድ ቤት መዋል ነበር። «ዕድሩ ይበተናል!» አሉ። አልተበተነም። ጋቢያቸውን ለብሰው ሳሎን ቁጭ ሲሉ እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩአቸውና «ከሥልጣን አወረዱህ?» ብለው ጠየቁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ከባድ መሣሪያ አወጡ። በድሮ ወግ ጥፋተኛ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። አመነታሁ። ከዚያ ከብሎካችን ፊት ለፊት ካለው መንገድ የላላ ኮብልስቶን ነቀልኩ። አንዷ ብቻዋን ቀላል ትመስላለች። አራት ፎቅ ማጅራትህ ላይ አድርገሃት ስትወጣ ግን የሠራኸውን ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ያልሠራኸውንም ታስታውሳለህ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤቴ አገኘችኝ።

«ሴራሚክ ልትቀይሩ ነው?»

«አይ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው።»

መንገድ ለቀቀችልኝ።

ባለቤቴ በሩን ከፈተች። አጎንብሻለሁ፤ የማየው ነጠላ ጫማዋን ብቻ ነው። ላቤ ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ምንድነው እሱ?»

«ይቅርታ።»

«ከየት ነቀልከው?»

«ከመንገዱ።»

ዝም አለች። ነጠላ ጫማዎቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። እያለቀሰች መሰለኝና ቀና አልኩ። አፏን ይዛ እየሳቀች ነው። ከጥምቀት ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ድንጋዩን ራሷ አወረደችልኝና ማጅራቴን በቫዝሊን አሸችልኝ። ከዚያ ፎቶ ኮፒው ተሠርቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ኮብልስቶኑ አሁን የበረንዳችንን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ይይዛል። ባለፈው ሐሙስ ግን የብሎኩ ኮሚቴ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ድንጋዩን የወሰደ በሦስት ቀን ውስጥ ይመልስ። ለባለቤቴ ነገርኳት።

«አልመልስም» አለች። «ካሳዬ ነው።»

ሌላ መንገድ ስላልታየኝ ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። ኮሚቴውን በሽምግልና እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው።

«ምን ችግር አለው! መቼ ነው?»

«እሁድ።»

ከኋላ የቡና ሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሁድ እንኳን አልችልም» አሉ። «ቤት ነኝ።»