ማስተካከያ፦ የ.416 ሪግቢ የባሩድ መጠን ለ.416 ሬሚንግተን አይሆንም

ለጎሽና ለዝሆን አደን ጥይት በእጅ ስለመሙላት ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የ.416 ሪግቢ ጥይት የባሩድ መጠን ለሌላው የጥይት ዓይነት፣ ለ.416 ሬሚንግተን ማግነምም ይሠራል ተብሏል። ስህተት ነው፤ አደገኛም ነው። የሚመሳሰለው አረሩ ነው። ሁለቱም 400 ግሬን (26 ግራም ገደማ) የሚመዝነውን አረር በሰከንድ 730 ሜትር ገደማ ያስወነጭፉታል። ቀለሃው ግን ለየቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው ሪግቢ ቀለሃው ሰፊ፣ ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊትም ዝቅ ያለ ነው። በሞቃት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሙቀት ግፊቱን ቢጨምረው እንኳ ቀለሃው ጠመንጃው ውስጥ ተጣብቆ አዳኙን ጎሽ ፊት አያስቀረውም። ሬሚንግተን ያንኑ ፍጥነት የሚያገኘው ጠበብ ባለ ቀለሃና በከፍተኛ ግፊት ነው። የሪግቢ መጠን ከተጨመረበት ግፊቱ ከልክ አልፎ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ ይችላል። እባካችሁ፣ የባሩዱ አምራች ለዚያው ጥይት ያወጣውን ሰንጠረዥ ብቻ ተከተሉ፤ ከዝቅተኛው መጠን ጀምሩ።