ዝም ያለች ሴት ተስማማች ማለት ነው?

ስለ ሃይማኖትና መንግሥት ስናወራ ወሬያችን ቶሎ ወደ ትልልቁ ነገር ይሄዳል። በ2015 በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ውዝግብ ተነስቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ አገሩ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይከታተል ነበር። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ቡፌ ውስጥ አሥር ቀን ስለተቀመጠች አንዲት ወረቀት ነው።

ወረቀቷ የመጣችው ለጎረቤቴ ነው። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። አባታቸው ሲሞቱ አንድ ቤት ትተው ነበር። ወንድሞቻቸው ውርሱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አቤት አሉ። መጥሪያው ደረሳቸው። እሳቸውም አጣጥፈው ከስኒዎቹ ጀርባ ሸጎጡት።

«ለምን ሄደው መልስ አይሰጡም?» አልኳቸው።

«ካልሄድኩ አልተስማማሁም ማለት ነዋ፣ ልጄ። ወንድሞቼ ፊት ቆሜ እምቢ ከምል ብቀር ይሻለኛል።»

ደነገጥኩ። የሕጉ ቃል የእሳቸው ሐሳብ ተቃራኒ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 34 ላይ ደግሞ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይፈቅዳል። አንድ ትልቅ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ ተከራካሪዎቹ ሁሉ መፍቀድ አለባቸው። በዚህ መሠረት አዋጅ ቁጥር 188/1992 ወጥቶ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት እርከን አደራጀ። ኒካህ (ጋብቻ)፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት ወይም ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት)፣ ስጦታ፣ ውርስ የሚታዩት እዚያ ነው። እርግጥ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ያኔ የተጀመረ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያንና ዙፋን አንድ በነበሩበት በንጉሡ ዘመንም ቃዲዎች፣ ማለትም የሸሪዓ ዳኞች፣ በአዋጅ ታውቀው ይፈርዱ ነበር። አዲሱ ነገር የፈቃዱ ጉዳይ ነው።

እዚሁ አዋጅ ውስጥ ታዲያ አንድ የሚያሳስበኝ አንቀጽ አለ። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ክሱም በሌለበት ይታያል። አንዴ ከተስማሙ በኋላ ደግሞ ጉዳዩን ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ማዛወር አይቻልም። በሩ የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እትዬ ያንን በር ከስኒ ጀርባ ሸጉጠውት ነበር።

«በመደበኛው ፍርድ ቤትስ ያልቀረበ ተከሳሽ በሌለበት ይፈረድበት የለ?» የሚለኝ የሕግ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው። እዚያ ግን የሚያጣው የመከራከር ዕድሉን ነው። እዚህ የሚለወጠው የሚዳኝበት ሕግ ራሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ እኩል ይወርሳሉ። በሸሪዓው የሴት ልጅ ድርሻ የወንድሟ ግማሽ ነው። ይህን ያህል ልዩነት ያለው ምርጫ «አልመጣችም» በሚል ሊወሰን አይገባም።

ፈቃድ ቀልድ እንዳልሆነ ከዚህ በፊትም ታይቷል። የአንድ ቤት ውርስ ክርክር ላይ አንዲት ሴት «እኔ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም» ብላ ተቃወመች። ተቃውሞዋን አልተቀበሏትም። ይግባኝ አለች፣ አልቀናትም። የሕግ ስህተት እስከሚታረምበት እስከ ሰበር ችሎት ሄደች፣ እዚያም አልሆነላትም። በመጨረሻ ጉዳዩ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በ1996 ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። እሷ በግልጽ እምቢ ብላ እንኳ ይህን ሁሉ ደጅ ጠንታለች። እምቢ ለማለት ያፈረችውስ?

ይህን ስጽፍ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይዘጉ የምል የሚመስለው ሰው እንዳይኖር። ብዙ ሙስሊም ሴቶች ወደው፣ አምነውበት ይሄዳሉ። ኒካሁን በዲኗ ያሰረች ሴት ፍቺውንም በዲኗ ብትጨርስ መብቷ ነው። ቃዲው ጉዳዩን ያውቀዋል፣ ቋንቋዋን ይናገራል፣ ባሏን «ለልጆችህ ቀለብ ቁረጥ» ሲለው ከፈጣሪ ቃል ጋር ነው። ይህን መናቅ ነውር ነው።

«መንግሥት ፈቃዱን ልቆጣጠር ካለ በሃይማኖት ጣልቃ ገባ» የሚሉም አሉ። ግን እነዚህን ፍርድ ቤቶች ያቋቋመው የመንግሥት አዋጅ ነው። ቃዲዎቹን የሚሾመው የመንግሥት አካል ነው፤ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ያቀርባቸዋል። ሥነ ሥርዓቱም የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። የመንግሥት እጅ ከመጀመሪያው አለበት። ያ እጅ አንዲት ሴትን «ፈቃድሽ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ላይ ሲደርስ ብቻ ለምን ይሰበሰባል?

በማግስቱ እትዬን ይዤ ሄድኩ። ወንድሞቻቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ታላቅየው ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ክፋት አላየሁባቸውም። ሠራተኛዋ ቅጹን አነበበችላቸውና «ይስማማሉ?» አለቻቸው። እትዬ ወንድማቸውን አዩ። መሬት አዩ። ከዚያ «ትንሽ ልውጣ» ብለው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ብቻቸውን ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ይሆናል። ተመልሰው ፈረሙ።

«የአባቴ ቤት በአባቴ ዲን ይከፈል» አሉኝ ወጥተን።

እውነቱን ለመናገር እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። የእኔ ግምት ግን እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ያቺ ሩብ ሰዓት የእሳቸው ነበረች።

አዋጁ ሲሻሻል የምጠይቀው ይህችኑ ሩብ ሰዓት ነው። ያልቀረበ ሰው አልፈቀደም ተብሎ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሂድ። የቀረበችዋን ደግሞ ዘመድ በሌለበት፣ ለብቻዋ፣ በምትሰማው ቋንቋ ይጠይቋት። ድርሻዋ በዚህኛው ምን ያህል፣ በዚያኛው ምን ያህል እንደሆነ ይንገሯት። ለዚህ አንድ ክፍልና ሁለት ወንበር ይበቃል።

እኔ ያንን መጥሪያ ያየሁት ቡና ጠርተውኝ፣ ስኒ ላቀብል ቡፌውን ስከፍት ነው። ቀጠሮው በማግስቱ ነበር።