የሚጠራጠር ምእመን በሞርሞኖች ጉባኤ ቦታ አለው?

ሁለቱም ተከራካሪዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እርሱ ሞርሞን በመባል በምትታወቀው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በአጥቢያው ያገለግላል፤ እርሷ አባልነቷን ትታለች። ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አገልጋዩ፦ ቦታ አለው። በኦክቶበር 2013 ጠቅላላ ጉባኤ በወቅቱ ቤተ ክርስቲያኒቱን በበላይነት ከሚመሩት ሦስት ሰዎች አንዱ የነበሩት ዲተር ኡክትዶርፍ፣ መሪዎች የተሳሳቱበት ጊዜ እንደ ነበረ በአደባባይ ተናግረዋል። ለሚያመነቱትም፣ እምነታችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት ጥርጣሬያችሁን ተጠራጠሩ ብለዋል። ይህ የሚያባርር ሰው ንግግር አይደለም። በአጥቢያችን ደመወዝተኛ ካህን የለም፤ ኤጲስ ቆጶሳችን ራሱ ሳምንቱን ሙሉ እንጀራውን ሲያሳድድ ይውላል። አንዱ ቤት ሲቀይር ሶፋውን ተሸክመን ደረጃ የምንወጣው እኛው ነን፤ ባለቤቱ ምን ያህል እንደሚያምን ጠይቄ አላውቅም። ጃንዋሪ 27 ቀን 1985 በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ምእመናን ጾመው በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለተራቡት ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያዋጡም፣ የእኛ ወገን ሃይማኖቱ ምንድን ነው አላሉም። ጠይቆ የተባረረ ሰው የለም።

የቀድሞዋ ምእመን፦ ጠይቆ የተባረረ የለም? በሴፕቴምበር 1993 ስድስት ጸሐፍትና ምሁራን ተቀጡ፤ አምስቱ ተወገዙ። በጁን 2014 ኬት ኬሊ ሴቶችም ክህነት ይሰጣቸው ብላ ተወገዘች። ጻፉ፣ ጠየቁ እንጂ ማንንም አልነኩም። ሶፋ መሸከማችሁን አልክድም፤ የእኔንም ተሸክማችኋል። ሶፋው ከገባ በኋላ ስላለው በር ግን ይንገሩን። መቅደሱ እሑድ ሁሉም ከሚሰበሰብበት ቤት የተለየ፣ ፈቃድ ያለው ምእመን ብቻ የሚገባበት ነው፤ የመግቢያው ፈቃድ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ምእመኑ በመጀመሪያ ኤጲስ ቆጶሱ ፊት፣ ቀጥሎ ከእርሱ በላይ ባለው መሪ ፊት ይቀመጣል፤ አሥራት መክፈሉን፣ ቡናና ሻይ መተዉን፣ ጠፍቶ የነበረው ወንጌል በመሥራቹ በጆሴፍ ስሚዝ በኩል ተመልሷል ብሎ የሚመሰክር መሆኑን ይጠየቃል። «አላውቅም» ያለ ሰው ፈቃዱን አገኛለሁ ብሎ አይተማመንም። ፈቃድ የሌላት እናት ደግሞ ልጇ በመቅደስ ሲያገባ አታይም። ዩታ ኖሮ ይህን ያላየ ማን ነው? የሠርግ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በግቢው አበባ አጠገብ ሙሽሮቹ እስኪወጡ ትጠብቃለች። ጆሴፍ ስሚዝ መጽሐፈ ሞርሞንን ሲተረጉም ባርኔጣ ውስጥ አድርጎ ይመለከተው የነበረውን ድንጋይ ፎቶግራፍ በ2015 ያወጣችው ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ናት። ታሪኩን ያወቀ ይወጣል፤ የሚቀሩት የማያነቡት ናቸው።

አገልጋዩ፦ የማያነቡ! እህቴ፣ ይህን በአደባባይ ጻፉት። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ2013 ጀምሮ ስለ ታሪኳ ያወጣቻቸውን ጽሑፎች ባለቤቴና እኔ ልጆቹ ሲተኙ ወጥ ቤት ተቀምጠን አንብበናል። መሥራቹ በኅቡእ ብዙ ሚስቶች ማግባቱን፣ አንዷም 15 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀሯት ልጅ እንደ ነበረች ከዚያው አነበብኩ። አለቀስኩ፤ ቀረሁም። እናቴ ከሰል አያይዛ፣ ቆልታ ያፈላችልኝን ቡና አልጠጣም ብዬ ፊቷ ሲለወጥ ያየሁ ሰው ነኝ። ይህን ሳላነብና ሳላስብ ያደረግሁት ይመስልዎታል? የሠርጉ ነገር ተሻሽሏል፤ ከሜይ 2019 ወዲህ ሙሽሮች ቤተሰብ ሁሉ በተገኘበት ተጋብተው፣ እንደ ቀድሞው ዓመት ሳይጠብቁ ለመቅደስ ጋብቻ መግባት ይችላሉ። ኬሊም የተወገዘችው በመጠየቋ ሳይሆን ንቅናቄ በማደራጀቷ ነው።

የቀድሞዋ ምእመን፦ እንግዲህ መጠየቅ የሚፈቀደው ሌላ ሰው እስካልሰማ ድረስ ነው። ከ2019 በፊት አንድ ዓመት መጠበቅን ፈርተው ወላጆቻቸውን ውጭ ያስቀመጡት ልጆችስ ያን ቀን ማን ይመልስላቸዋል? ካነበቡ ይህንንም አንብበዋል፦ ከ1852 እስከ ጁን 1978 ለጥቁር ወንድ ክህነት አይሰጥም፤ ጥቁር ሴትም ሆነች ወንድ ለጋብቻ ወደ መቅደስ አይገቡም ነበር። በ1977 እዚህ ብንደርስ ኖሮ እርስዎም ከአበባው አጠገብ ነበሩ። በዚያ ዘመን «ይህ ከእግዚአብሔር አይደለም» ያለው ምእመን ተጠራጣሪ ተባለ። የያኔዎቹን ማብራሪያዎች ግን በ2013 ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ አልቀበልም አለች። ታዲያ ማን ነበር ታማኙ?

አገልጋዩ፦ «የማያነቡ» ያሉትን አሁንም አላነሡትም። እኔን ይተዉኝ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጾመው መጥተው፣ በምስክርነቱ ሰዓት አግዳሚውን ተደግፈው የሚነሡት አሮጊት ባላቸውን ቀብረው፣ ልጃቸውን ቀብረው ነው «አውቃለሁ» የሚሉት። እኚህን ሴት ነው የሰደቡት። በሯ ላይ ምንም የማትጠይቅ ቤተ ክርስቲያን ሰውን ከምንም አታድነውም። የወጡት ሲታመሙ ማን ነው በራቸውን የሚያንኳኳው?

የቀድሞዋ ምእመን፦ የሚያንኳኳ ያጣሉ። ክሴም ይኸው ነው። እምነቱ ከዓመታት በፊት የሄደ ስንት ሰው አለ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹንና የሚያንኳኩለትን ሰዎች እንዳያጣ ፈርቶ በየእሑዱ አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ! እንዲህ ያለውን ሰው ነው ቦታ አለው የሚሉት? አሮጊቷን አልሰደብኩም፤ ያልጠራኋቸውን ሰው ከለላ አያድርጓቸው። ሴት ልጅዎ ነገ «አባዬ፣ አላውቅም» ብትልዎ ምን ይሏታል?

አገልጋዩ፦ ልጄ አላውቅም ብትለኝ እራታችንን አብረን እንበላለን፤ እሑድም ከጎኔ ትቀመጣለች። ፈቃዷን ስታሳድስ ኤጲስ ቆጶሱ የሚላትን ግን እኔ አልወስንም። «የማያነቡ» ያሉትን እስኪያነሡ ድረስም ሌላ ጥያቄ አልመልስም።